ክረምቱ ሲያልፍ ወደ መልካ

መስከረም ሲጋመስ በቢሾፍቱ ዙሪያ ባለው የአድአ ሜዳ ላይ ያለው ጤፍ ገና አረንጓዴ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃው ውስጥ የተዘራው ዘር አድጎ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል፤ አጨዳው ግን ኅዳርንና ታኅሣሥን ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ ውርጭ ሊመታው፣ አንበጣ ሊወርበት፣ ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ሊያበላሸው ይችላል። የገበሬው ጎተራ ተሟጦ ቤተሰቡ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረውም በዚሁ ሰሞን ነው። የኦሮሞ ሕዝብ የዓመቱን ትልቅ ምስጋና ለፈጣሪው ለዋቃ የሚያቀርበው እንግዲህ እህሉ ማሳ ላይ እንዳለ፣ አንድም ቁና ሳይሰፈር ነው።

ኢሬቻን ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ ከዚህ መጀመር እወዳለሁ። የመከር በዓል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የመከር በዓል ግን አውድማው ተጠርጎ፣ ምርቱ ተለክቶ፣ የሰጠውና የነሣው ታውቆ የሚደረግ ነው። ኢሬቻ ላይ ሰው የሚያመሰግነው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ለምለሙ መሬት፣ ከምንም በላይ ደግሞ ክረምቱን በሕይወት ስለ መሻገሩ ነው። ስለ እህሉ የሚለምነው ገና ወደፊት ነው። ይህ ቅደም ተከተል የበዓሉ አስኳል ይመስለኛል፤ ሌላው ሥርዓት ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ክረምትን መሻገር ምን ያህል ነገር እንደነበር ለማሰብ የዛሬውን መንገድ ለጊዜው መርሳት ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ አዳማ የተዘረጋው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ መኪናውን ያስኬዳል። በቀድሞው ዘመን ግን አዋሽና እንደ ሞጆ ያሉት ገባሮቹ ሲሞሉ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ ተጣርቶ ከመነጋገር በቀር መገናኛ አልነበረውም። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ተለይታ ትከርማለች። ለቅሶ ሳይደረስ ይቀራል። ወንዝ የወሰደው ሰው፣ መብረቅ የመታው ከብት ወሬው የሚሰማው ውኃው ሲጎድል ነው። በኦሮሞ ዘንድ ክረምት የጨለማ ወቅት፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቢራ ደግሞ የብርሃን ወቅት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ቢራ ሲብት የመጀመሪያው ነገር ወደ ውኃው ዳር መውረድ ነው፤ ለያይቶ ያከረመው ውኃ አሁን መገናኛ ይሆናል። መልካ የሚባለውም ይኸው የወንዝ መሻገሪያ፣ የውኃ ዳር ነው።

ኢሬቻ በየመንደሩ መልካ ይከበራል። ከሁሉ የሚበልጠው ጉባኤ የሚሰበሰበው ግን በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፣ ከመስቀል በኋላ በሚውል እሑድ ነው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 47፣ ከአዳማ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ትገኛለች። በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት ተብላ ስለነበር ዛሬም ድረስ በሁለቱም ስም ትጠራለች። መሬቷ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ነው። ከሥር የመጣ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ አለቱን በትኖ ገደላማ ዳር ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ትቶ ያልፋል። ጎድጓዳው ከጊዜ በኋላ በዝናብና በከርሰ ምድር ውኃ ይሞላል። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያና አረንጓዴ ሐይቅ እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው። ትልቅ ወንዝ አይገባባቸውም፤ አይወጣባቸውምም። የገባው ውኃ የሚጎድለው ፀሐይ ሲያተነው ወይም ወደ መሬት ሲሰርግ ብቻ ነው፤ ማዕድኑም በዚያው ይከማቻል። በኦሮሞ አገር ከብት አርቢ ሆራ የሚባለውን ማዕድን ያለበት ውኃ ለከብቱ ያውቅበታል፤ መንጋውን ቀን ቆርጦ ወስዶ ያጠጣል፤ ከብቱም ይወፍራል፣ ጤናውም ይጠበቃል ይባላል። ሆራ አርሰዲ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በክረምቱ ዝናብ ነው። ለዝናብ ምስጋና የሚቀርብበት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የዋዜማው ቅዳሜ ማታ በአዳማ መናኸሪያ መቆሚያ የለም። ከአርሲ፣ ከባሌና ከመተሐራ የመጣው ሰው በአዳማ አልፎ ሌሊቱን ወደ ቢሾፍቱ ይጎርፋል። ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣው ደግሞ መኪናው የሚቆምበት ሲደርስ ወርዶ በእግሩ ይቀጥላል። ጎሕ ሳይቀድ አስፋልቱ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ የተጠለፈበት ልብስ ነው፤ ሦስቱ የገዳ፣ የኦሮሞው ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት፣ ቀለማት ናቸው። የአርሲ ሴት በጨሌዋ፣ የከረዩ ጎረምሳ በጉንፉራ ጠጉሩ፣ የቦረና ሽማግሌ በጥምጣሙ ይለያል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ልጆች እርጥብ ሣርና አደይ አበባ በእቅፍ በእቅፉ አስረው ይሸጣሉ። ፎሌ የሚባሉት የገዳ ወጣቶች ዱላቸውን ከፍ አድርገው እየዘፈኑና መሬቱን በእግራቸው እየደበደቡ ሲያልፉ ሕዝቡ መንገድ ይለቅላቸዋል።

ፀሐይ ስትወጣ የሚሆነውን ለማየት ግን ከመድረኩና ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ ወደ ውኃው ጫፍ መውረድ ያስፈልጋል። አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ነጠላዋን በወገቧ አጥብቃ፣ በሚያንሸራትተው ጭቃ ላይ እግሯን እያመቻቸች ትጠጋለች። ሣሩን ሥሩ በኩል ጨብጣ ጫፉን ውኃው ውስጥ ትነክራለች። ቀና አድርጋ መጀመሪያ በራሷ ላይ ትረጫለች፤ ሁለተኛ ነክራ ልጁን ታስነካዋለች። ቅዝቃዜው ሲነካው አንገቱን ይሰብራል፣ ያለቅሳል፤ አጠገቧ ያለችው የማታውቃት ሴት እየሳቀች ከራሷ ሣር ትረጭለታለች። እናቲቱ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ የምትለውን ትልና ወደ ኋላ ተመልሳ ለሌላ ሰው ቦታ ትለቃለች። ከዚህ የበለጠ የለም። ሐውልት አይሰገድለትም። እርጥብ ሣር ይዞ ውኃ ዳር የቆመ ሰው አፈሩን፣ ውኃውንና ሣሩን በዓይኑ እያየ የሚያመሰግነው ዋቃን ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ስትነቅል ያደገች የጎጃም ልጅም ሆነች ለበዓል ቡና ቄጤማ የምትጎዘጉዝ የአዲስ አበባ እመቤት ለምለም ሣር ምን እንደሚል ማንም አያስተምራትም።

ሰልፉ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ዓይን የሚስቡት ቀጭን ዘንግ የያዙት እናቶች ናቸው። ሃደ ሲንቄ ይባላሉ፤ ዘንጉ ሲንቄ ነው። እናት ልጇን ስትድር ከምታስይዛት ነገር ሁሉ ይህ ዘንግ ይበልጣል፤ ልጅቷ የሰው ሚስት ስትሆን የሚጠብቃት መብቷ ነውና። በተለይ በአርሲ ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራል። ባል ሚስቱን አላግባብ ቢመታት፣ አራስን ቢያጎሳቁል፣ ሲንቄዋን ይዛ እልልታ እያሰማች ትወጣለች። እልልታውን የሰሙ ያገቡ ሴቶች ሁሉ ሊጥ ያቦካችው ሊጧን፣ የምታልበው ላሟን ትተው ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተላሉ። ጥፋተኛው ሽማግሌ ልኮ፣ በድሎ እንደነበር አምኖ፣ ካሣ እስኪቆርጥ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ቤት ሳይጠረግ፣ ወተት ሳይናጥ፣ ልጅ ሲያለቅስ የሚያድር መንደር ምን ያህል ቀን ይጸናል? ሁለት ጎሣ ለጦርነት ሲሰለፍ እነዚህ እናቶች ዘንጋቸውን ይዘው መካከል ከቆሙ ማለፍ እርግማን ነው። ዝናብ ሲጠፋም አቴቴ የተባለውን የእናቶች ጸሎት ይዘው ወደ ውኃ ዳር የሚወጡት እነሱው ናቸው። ኢሬቻ ላይ ፊት መሆናቸውን ለጌጥ አድርገው የሚያዩት ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከእነሱ የበለጠ ክንድ ያለው አካል የለም።

እናቶቹን ተከትለው የገዳው መሪዎች፣ አባገዳዎች፣ ይመጣሉ። ከዚያ የመልካው ባለ አደራ አባ መልካና ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። አንዱ ይመርቃል፣ ሕዝቡ «ሀዬ!» እያለ ይቀበላል፤ አገር ሰላም ይሁን ሲባል ሀዬ፣ ከብቱ ይርባ ሲባል ሀዬ፣ የታመመ ይማር ሲባል ሀዬ። የብዙ ሺህ ሰው ድምፅ አንድ ላይ ሲወጣ ከገደላማው የሐይቁ ዳር ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል።

ከዚህ ምርቃት በፊት ግን መፈጸም ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እርቅ ነው። ቂም ይዞ መልካ መውረድ ነውር ነው። ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈ፣ በድንበር የተካሰሰ፣ ከወንድሙ የተጣላ ሰው አስቀድሞ ይታረቃል። እዚህ ላይ እንደገና ወደ ጤፉ መመለስ ግድ ይላል። ጎተራው ሳይሞላ የሚያመሰግን ሰው በእጁ የሚያቀርበው ሀብት የለውም። ያለው ሰላም ነው፤ ከሰው ጋር ያለው ሰላም፣ ከከብቱና ከመሬቱ ጋር ያለው ሰላም። እርቁን ሳያወርድ የሄደ ሰው ባዶ እጁን እንደሄደ ይቆጠራል።

በዓሉን የሚመራው የገዳ ሥርዓት ነው። በገዳ ትውልዶች በአምስት ምድብ ተሰልፈው እያንዳንዱ ስምንት ዓመት ይመራል፤ ዙሩ በ40 ዓመት ይሞላል። ሥልጣኑ ጊዜው ሲደርስ ያለ ክርክር ይተላለፋል። ይህን ሥርዓት ለዓለም ምሁራን በስፋት ያስተዋወቁት ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ናቸው፤ መጽሐፋቸው በፈረንጆቹ 1973 ታተመ። ኅዳር 2009 ላይ ደግሞ ዩኔስኮ አዲስ አበባ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ገዳን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። በአዳማ የተሠራው ገልመ አባገዳ፣ ማለትም የአባገዳ አዳራሽ፣ ሥርዓቱ በከተማም ቤት እንዲኖረው ታስቦ የቆመ ነው።

ያ ኅዳር ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት፣ መስከረም 22 ቀን 2009፣ በዚሁ በሆራ አርሰዲ ሕዝቡ ለምስጋና እንደተሰበሰበ ተቃውሞ ተነሣ። የፀጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ፤ የጥይት ድምፅም ተሰማ፤ ሕዝቡ ሲተራመስ ብዙ ሰው በአቅራቢያው በነበረው ጥልቅ ገደል ውስጥ ወድቆ፣ በላዩም ሌላው እየወደቀበት አለቀ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 55 አለ፤ ተቃዋሚዎች ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ተናገሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሳምንት ሳይሞላም አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገባች። ከሞቱት መካከል እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው የወደቁ ነበሩ። ስለ ኢሬቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ቀን ሊዘልለው አይገባም። የሞቱት ሰዎች የመጡት ለምስጋና ነውና፣ ስማቸውና ቁጥራቸው ያለ ጥርጥር ሊታወቅ ይገባ ነበር።

ጫናው ከዚያ ቀን በፊትም የቆየ ነው። ለረጅም ዘመን ኢሬቻ በአደባባይ የማይነገርለት፣ አንዳንዴም እንደ ባዕድ አምልኮ የሚታይ ነገር ነበር። ገጠሩ በየመልካው ሳያቋርጥ ይዞት ቆየ። ወደ ትልቁ አደባባይ ከመለሱት መካከል በ1955 የተመሠረተው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታገደውና በ1980ዎቹ ዳግም የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ ማኅበር ይገኝበታል። መስከረም 24 ቀን 2012 ደግሞ በዓሉ አዲስ አበባ ላይ፣ በሆራ ፊንፊኔ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ ተከበረ፤ በማግስቱ እሑድ ቢሾፍቱ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ፊንፊኔ፣ እሑድ አርሰዲ ሆኗል። በ2013 በኮሮና ምክንያት በጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ተወስኖ አለፈ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው በዓል የእኛ ብቻ አይደለም። በስፔን ሰሜን የሚኖሩት ባስኮች በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን ቋንቋቸውን በአደባባይ መናገር ተከልክለው ነበር። ፍራንኮ በፈረንጆቹ 1975 ሞተ፤ በ1978 የቢልባዎ ከተማ ነዋሪዎች በነሐሴ አጋማሽ የሚከበር የዘጠኝ ቀን የበጋ በዓል አቋቋሙ፤ «ታላቁ ሳምንት» ይሉታል። ድንኳኑን የሚተክሉት፣ ምግቡንና ሙዚቃውን የሚያዘጋጁት የየሰፈሩ ማኅበራት ናቸው። እጆቿን ወደ ሰማይ የዘረጋች ማሪሐያ የምትባል ትልቅ አሻንጉሊት በዓሉን ትከፍታለች፤ በመጨረሻው ሌሊት ትቃጠላለች። አሻንጉሊቷን የሠራችው የዚያው አገር ሠዓሊ ማሪ ፑሪ ኤሬሮ ናት። ከኢሬቻ ጋር የሚያመሳስለው አከባበሩ አይደለም፤ የእነሱ ጭፈራና ርችት ነው፣ የእኛ ጸሎት ነው። የሚያመሳስለው ተከልክሎ የነበረ ሕዝብ መጀመሪያ ካስመለሳቸው ነገሮች አንዱ አንድ ላይ መቆም መሆኑ ነው። የቢልባዎው ትምህርት ለቢሾፍቱም የሚሆን ይመስለኛል፤ በዓሉን የሰፈር ሰዎች ሲይዙት ይዘልቃል። መድረኩ እየሰፋ፣ ባለሥልጣኑ እየበዛ፣ የንግድ ድርጅቶች ባነር እየተደረደረ ሲሄድ የአባ መልካው ድምፅ እንዳይሰማ ይሆናል። ለዚያች ልጅ ላዘለች እናት ከውኃው ዳር ቦታ የማይተርፍበት ቀን ከመጣ በዓሉ የቱንም ያህል ሕዝብ ቢሰበስብ ጎድሏል።

ሃይማኖት ነው ወይስ ባህል የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሣል። ለዋቄፈና አማኝ ኢሬቻ ጸሎት ነው፤ በአንድ ዋቃ ማመን፣ ሥራውንም ማመስገን። ከሕዝቡ ብዙው ግን ሙስሊም ወይም ክርስቲያን ነው፤ ከዚህም ብዙው ሣሩን ይዞ ይመጣል። አንዳንድ የሃይማኖት አባቶች ተከታዮቻቸው እንዳይሄዱ ይመክራሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን በአክብሮት ነው የምሰማው። የማይስማማኝ የማያምኑበትን ሰዎች ስሜት ለመጠበቅ ሲባል ጸሎትነቱን ሸፍኖ «ፌስቲቫል» ብቻ ማድረግ ነው። እዚያ ውኃ ዳር ቆመው የሚጸልዩ ሰዎች አሉ፤ ጎብኚም ሆነ ጋዜጠኛ በቤተ መቅደስ ውስጥ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሊያደርግላቸው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውኃው ራሱ ነው። በቢሾፍቱ ዳር ወፍ የሚሰፍርበት የጨለለቃ ውኃ እየሸሸ ሄዷል። ወደ ደቡብ ሲወረድ የአቢጃታ ሐይቅ ለሶዳ አሽ ማምረቻና ወደ እሱ በሚፈሰው ውኃ ላይ ለሚካሄደው መስኖ በሚሳበው ውኃ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ አፈግፍጓል፤ ፍላሚንጎ ይሞላበት የነበረው ዳርቻ ነጭ ጨው ሆኗል። በመተሐራ በተቃራኒው የበሰቃ ሐይቅ እያበጠ የከረዩን ግጦሽ፣ መንገድና ሐዲድ ውጧል። የሸለቆው ውኃ በሁለቱም አቅጣጫ ሚዛኑን ስቷል። ሆራ አርሰዲም በሆቴልና በመኖሪያ ቤት የተከበበ፣ ፍሳሽ የሚያሰጋው ሐይቅ ነው። በበዓሉ ማግስት ሰኞ ጠዋት ዳርቻውን የሚሞላው የፕላስቲክ ጠርሙስ ብዙ ነው፤ ወጣቶች ተደራጅተው የሚለቅሙበት ዓመት መኖሩ ያስመሰግናል። ሽማግሌዎቹ መልካ አይቆሽሽም፣ የኦዳ ዛፍ አይቆረጥም የሚሉት ሕግ ለአንድ እሑድ የወጣ አልነበረም፤ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሊያስከብረው የሚገባ ሕግ ነው። ውኃው ከሌለ ምስጋናው ወዴት ይወርዳል?

በዓሉ ዛሬ ባሕር ተሻግሯል። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን፣ በሜልቦርን የሚኖሩ ኦሮሞዎች በየከተማው ሐይቅና ወንዝ ዳር ያከብሩታል። በሰሜን አሜሪካ ጊዜው በጋው አልፎ ቅጠል የሚረግፍበት ነው፤ በሜልቦርን ደግሞ ልክ እንደ ቢሾፍቱ ጸደይ ይገባል።

ግርግሩን የማይወድ፣ ነገሩን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላም ምርጫ አለው። ቢሾፍቱ ሲያልቅ በዓሉ አያልቅም፤ በዝዋይ ደምበል ዳርን ጨምሮ በየወረዳው መልካ ለሳምንታት ይቀጥላል፤ እዚያ የሚመጣው ሰው እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ነው። በበልግ መግቢያ ደግሞ ኢሬቻ ቱሉ አለ፤ የተራራ ኢሬቻ ነው። ያኔ ሜዳው ደርቆ፣ ከብቱ ከስቶ፣ ሰማዩ ደመና አልባ ሆኖ ሕዝቡ ወደ ኮረብታ ወጥቶ ዝናብ ይለምናል። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ የሚታየው፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የዝቋላ ተራራ ጫፉ ላይ ሐይቅ አለው፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም እዚያው ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የክርስቲያኑ ንግሥ ሲሆን ተራራው በምእመናን ይሞላል፤ ኦሮሞውም ያንኑ ተራራና ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ ያከብረዋል። መውጣት የፈለገ ሰው በመጋቢቱ ደረቅ ወር ይውጣ፤ ከላይ ሆኖ የአድአን ሜዳ ዝናብ ሲጠብቅ ያየዋል።